ቢጫ ያደረገን ካርታ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ጫማሽን አውልቂ፣ ወንበር ሳቢ፣ ተቀመጪ። ባልሽም ቤት ካለ አጠገብሽ ይቀመጥ። አትደንግጪ! የታመመ የለም፣ የሞተም የለም። እንዲያውም ሞቷል ብለን እርማችንን ያወጣንለት ነገር ነፍስ ዘርቶ በግቢያችን ሲንጎራደድ እያየሁ ነው የምጽፍልሽ። አባዬና ጋሼ ታረቁ።

አዎ፣ በትክክል አንብበሻል። ሁለቱ ወንድሞችሽ ታረቁ። በሽማግሌ አይደለም፣ በዳኛ አይደለም፣ በእማዬ ልመናም አይደለም። በካርታ ነው።

በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ተውኩት። በስልክ ከሆነ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ስታለቅሺ እኔም አለቅሳለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጥና ነገሩ በእንጭጩ ይቀራል። በደብዳቤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ልንገርሽ፤ የምታለቅሺበትን ቦታ ራስሽ ትመርጫለሽ።

እኔ አሁንም እዚያው ከተማ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ነኝ። የተቀደደ መጽሐፍ፣ ብል የበላው ሥዕል፣ ውሃ የነካው ወረቀት ወደኔ ይመጣል፤ አጽድቼ፣ ጠግኜ፣ ክብደት ተጭኖት እንዲተኛ አድርጌ እመልሳለሁ። አባዬ ሰው ሲጠይቀው «እኔ እንጨት አጣብቃለሁ፣ ልጄ ወረቀት ታጣብቃለች፤ ነገሩ የዘር ነው» ይላል። ጋሼ ደግሞ «ከአባቷ የምትለየው ባለችው ቀን ማስረከቧ ነው» ይል ነበር፤ ይህንንም የሚለው አባዬ እንዲሰማ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ነው።

አለቃችንን ታስታውሻታለሽ? «እመት ዝምታ» የምንላትን። ዕድሜዋን ሙሉ አንባቢ ዝም ስታሰኝ ከመኖሯ የተነሳ ድመቷ እንኳ ድምፅ አታወጣም ይባላል። አንድ ጠዋት በአሮጌ መጋረጃ የተጠቀለለ ረጅም ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባችና ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛችው።

«ከአንድ ቤት ቁም ሳጥን ኋላ የተገኘ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለኤግዚቢሽኑ እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ቀለሙ በእጅ የተቀባ ስለሆነ ግን ጠንቀቅ በይ። አንዲት ጠብታ ውሃ ብታመልጥሽ አንድ ሙሉ ግዛት ይፈስሳል።»

ስንፈታው ካርታ ነው። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የዚያን ዘመን የጠረፍ ግዛቶችን ከነወሰኖቻቸው ያሳያል። ወንዙና ተራራው፣ የየመንደሩም ስም በጥቁር ታትሟል። ድንበሩን ግን ሰው ነው በብሩሽ ያቀለመው፤ አንዱን ግዛት ሮዝ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ቢጫ፣ አንዱን ሰማያዊ አድርጎ። ወረቀቱ እንደ ደረቀ ልጥ ተጠቅልሎ ጠንክሯል፤ በየእጥፋቱ ተሰነጣጥቋል፤ በአንድ ጥግ ደግሞ ጦር ያልደፈረውን አገር አይጥ በልታዋለች።

እንዲህ ያለ ወረቀት ጉልበት አይወድም። ልዘርጋህ ብትዪው እንደ ደረቅ ቅጠል ይደቅቅብሻል። እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ አስገብቼ፣ ቀስ ብሎ እስኪለዝብ ጠበቅኩት። ከዚያ ስንጥቁን በስንዴ ሙጫና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ወረቀት ከጀርባው ደገፍኩት። ብዙ ሳምንት አብሬው ሰነበትኩ። ሰው ካርታ ላይ አጎንብሶ ሲውል፣ ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱ ሁሉ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ቀለሙን የቀባውን ሰው ነው። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እኔ በልቤ ሴት አደረግኳት። ከላይ ስትጀምር ጠንቃቃ ናት፣ ቀለሟ ከመስመሩ ፈቀቅ አይልም። ወደ ታች ስትወርድ ክንዷ ዝሎ ይሁን ሆዷ ተርቦ እንጃ፣ ሮዙ አረንጓዴው ውስጥ ይገባል፣ አረንጓዴው ወንዝ ይሻገራል። አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ነክታው የአውራ ጣቷ አሻራ ቀርቷል። «አይዞሽ እህቴ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል» እላት ነበር ለብቻዬ።

ታዲያ ወደ ታችኛው ጥግ ስደርስ፣ በማጉያ መነጽሩ ውስጥ አንድ ኮረብታ አየሁ። ባለ ሦስት ጉብታ ነው፤ እንደ አባጨጓሬ ተደርጎ ተሥሏል። ይህን አባጨጓሬ የት ነው የማውቀው አልኩ። ከግርጌው ወንዝ ይታጠፋል። ከወንዙ አጠገብ ደግሞ፣ ከጉንዳን እግር በቀጠነ ፊደል፣ ፊደሉም ተሳስቶ፣ የመንደራችን ስም ተጽፏል!

ጮህኩ፣ እታለም። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው ጮኾ አያውቅም። እመት ዝምታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጣች። በመነጽሩ አሳየኋት።

«ያንቺ ናት?» አለችኝ።

«የኔ ናት!»

«በይ እንግዲያው ዛሬ ተፈቅዶልሻል» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

አሁን ባልሽ ስላለ ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ለምንድነው ወንድሞች እያሉሽ ሆቴል የምናርፈው ብሎ ሲጠይቅሽ «ረጅም ታሪክ ነው» እያልሽ ነው አሉ የምታልፊው። ረጅም እንኳ አይደለም። አያቴ መሬቱን ለሁለቱ ወንድ ልጆቹ ሲያካፍል በቤቶቹ መካከል ወደ ጉድጓድ ውሃው የሚወስድ መተላለፊያ «የጋራ ነው» ብሎ ተወ። አባዬ ጣውላውን እዚያ ይከምራል። ጋሼ የጭነት መኪናውን እዚያ ያስገባል። አንቺ ልታገቢ ሰሞን ጋሼ መኪናውን ወደ ኋላ ሲነዳ የጣውላው ክምር ላይ ወጣበት። ጣውላው አባዬ ለአንቺ ቁም ሳጥን ብሎ መርጦ ያደረቀው ነበር። አንዱ «ዕውር!» አለ፣ አንዱ «መንገድ ዘጊ!» አለ፤ ከዚያ ወዲያ የተባባሉትን አልደግመውም። በማግስቱ መተላለፊያው እኩል ላይ የቆርቆሮ አጥር ቆመ። ከአጥሩ ወዲህ ለጣውላ አይበቃም፤ ከአጥሩ ወዲያ መኪና አያልፍም። ሁለቱም ያጡትን መሬት ሁለቱም ያሸነፉት መሰላቸው።

በኋላ ጋሼ ዓይኑ ሲደክም መኪናውን ሸጠ፤ አባዬም ጣውላውን ጓሮ መከመር ለመደ። የቧንቧ ውሃ ሲገባ ጉድጓዱም ተረሳ። የተጣሉበት ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ትቷቸው ሄደ፤ ጥሉ ብቻ ቀረ። እኔም በመካከል የአጥሩ ምላስ ሆንኩ። «ለአጎትሽ ንገሪው፣ ዶሮው እኔ ጓሮ ነው የምትጭረው።» «ለአባትሽ ንገሪው፣ ዶሮ ድንበር አታውቅም።» በቆርቆሮው ቀዳዳ ይተያያሉ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማል፣ እኔ ግን እየዞርኩ መናገር ነበረብኝ።

የሰርግሽን ቀን አልረሳውም። አባዬ በዚህ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፣ ጋሼ በዚያ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል፤ እኔ ነኝ ይዤ የማወጣት ብለው። አንቺ ሁለቱንም አየሻቸው። ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ ቀሚስሽን ሰብስበሽ፣ አጥር አጥሩን ብቻሽን ወጣሽ። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁብሽ! መኪናው ሲነሳ ግን የተሰማኝን ነግሬሽ አላውቅም። እኔን ከአጥሩ ጋር ጥለሽኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር። አሁን አልፏል። ደስ ሲለኝ ነው መናገር የቻልኩት።

ወደ ካርታው ልመለስ። እሁድ ቤት ስመጣ መጀመሪያ ለአባዬ ነገርኩት። ሰሌዳ እየላገ ነበር።

«ካርታ ላይ አለን?» አለ።

«አለን!»

«ድንበር ያሳያል?»

«ያሳያል፤ በቀለም።»

መላጊያውን አስቀመጠና ድምፁን ወደ አጥሩ ከፍ አደረገ። «በቀለም! ሰው ይዋሻል እንጂ ቀለም አይዋሽም!»

ከአጥሩ ማዶ ጋሼ ሲያስል ተሰማ። ዞሬ እሱ ጋ ስገባ ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ማኅተም አለው?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ካርታው የሚያሳየው አገር ነው። መንደሩ በሙሉ የምስር ፍሬ አያህልም።»

«ምስርም ቢሆን ለሁለት ይከካል» አለኝ።

ብነግራቸው ብነግራቸው አልሰማ አሉ። አንዱ ካርታው መተላለፊያው የኔ እንደሆነ ያሳያል ይላል፣ ሌላውም እንደዚያው። ሁለቱም ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ካልመጣን አሉ። እኔ ደግሞ ተጨነቅኩ። ስሜ በሥራዬ ግርጌ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ክራባት ያሰረው እንግዳ ሁሉ በቆመበት የአጥሩ ጠብ ከተማ ድረስ ተከትሎኝ ሊመጣ ነው።

«ምን ያስጨንቅሻል?» አለችኝ እማዬ። «አባትሽን ጠዋት ጥሪው፣ ጋሼን ከሰዓት። አይገናኙም።»

ጥሩ ዘዴ ነበር። ግን ሰዎቹን ረስተናቸዋል። ጋሼ ሹፌርነቱ ከመኪናው ጋር አልተሸጠም፤ ለከሰዓት ቀጠሮ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነሳው። አባዬ ደግሞ አናጢ ነው። «ማክሰኞ» ካለ የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው። አንዱ እጅግ ቀድሞ፣ አንዱ እጅግ ዘግይቶ፣ እኩለ ቀን ላይ ካርታው ፊት ተገናኙ።

ጋሼ ነው ቀድሞ የደረሰው። አዳራሹ ወለሉ እንጨት ነው፣ ሰው ሲረግጠው ያቃስታል። ካርታው በመስታወት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ከጎኑ በሰንሰለት የታሰረ አንድ ማጉያ መነጽር አለ። ጋሼ መነጽሩን ይዞ፣ ሌላውን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ከካርታው ላይኛ ጫፍ ጀምሮ እየወረደ ነበር። ያኔ ወለሉ ሲያቃስት ሰምቼ ዞር ብል፣ አባዬ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ እርሳሱን ግን ጆሮው ላይ ረስቶ እየመጣ ነው። 

አባዬ ወንድሙን አየው። አልተመለሰም። መጥቶ ከካርታው በሌላኛው ጎን ቆመ።  ከዚያ ዓይኑን ካርታው ላይ እንደተከለ እንዲህ አለኝ፦

«ለአጎትሽ ንገሪው፣ ሌላም ሰው በመነጽሩ ማየት ይፈልጋል።»

ጋሼ መነጽሩን ከዓይኑ አላነሳም። «ለአባትሽ ንገሪው፣ ገና መንደራችን አልደረስኩም። መንገድ ላይ ነኝ።»

አፌ በልማዱ ተከፍቶ ነበር፣ እታለም። «ጋሼ መንገድ ላይ ነኝ ይላል» ልል ነበር። ከዚያ ካርታውን አየሁት፤ በጣቶቼ አንድ በአንድ ያያያዝኩትን ስንጥቅ አየሁት። 

«አልናገርም» አልኩ። «ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ። ጆሮ አላችሁ፣ አፍ አላችሁ። ራሳችሁ ተነጋገሩ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም።  አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከሩቅ እመት ዝምታ በጸጥታው ተደስታ ራሷን ስትነቀንቅ አየኋት። ጋሼ ወደ ካርታው ተመለሰ። ወረደ፣ ወረደ፣ አባጨጓሬው ኮረብታ ላይ ደረሰ።

«እንዴ!» አለ። «ቢጫ?»

መነጽሩን ጠራርጎ እንደገና አየ።

«ምን ሆኖ ነው ቢጫ የሆነው?»

አባዬ አንገቱን ሰገግ አደረገ። «ምኑ ነው ቢጫ?»

ለኔ አይደለም ያለው። ለእሱ ነው።

«መንደሩ ነዋ!»

«የቱ መንደር?»

«የኛ! የማዶዎቹን ቀለም ቀብተውናል!»

«እኛን?»

«እኛን!»

«አምጣው እስቲ!» አባዬ መነጽሩን ከእጁ ነጠቀው። ጋሼም ለቀቀለት።

ይህንን ለባልሽ አስረጂው። ማዶዎች ማለት ከወንዙ ወዲያ ያሉት ናቸው፤ አያቴ «የማዶ ሰው ከጨበጠህ ጣትህን ቁጠር» ይል የነበረባቸው፤ በኳስ ካሸነፉን በሐፍረት ለዓመት ከቤት የማንወጣላቸው። ያቺ ቀለም ቀቢ ወደ ታች ስትወርድ ደክሟት ነበር ብዬሽ የለም? ቢጫው ወንዙን ተሻግሮ እኛን ውጦናል። የኛ ግዛት ሮዝ የሚጀምረው ከመንደራችን ኋላ ነው።

«ወንዙስ ቢሆን? ወንዙን ተመልከት!» ይላል አባዬ። «በግራ በኩል ነው እንዴ የሚታጠፈው?»

«በቀኝ ነው እንጂ! አሥር ጊዜ ወድቄበታለሁ፣ አላውቀውም?»

«እኔ አይደለሁ እንዴ ያወጣሁህ!»

«አንተ ነህ። ማን ካደ?»

ትከሻ ለትከሻ ገጥመዋል። ራሳቸው መስታወቱን ሊነካ ነው። ስለ መተላለፊያው የተነፈሰ የለም። ያ ሁሉ ዓመት እርስ በርስ ያጠራቀሙት ቁጣ አድራሻውን ለወጠና በሞተ ካርታ ሠሪ ላይ ወረደበት፤ ምስኪን! ክራባት ያሰሩት ሰዎች ቀስ በቀስ ከበቧቸው። እመት ዝምታ ብቅ ስትል ሁለቱም በአንድ አፍ «እመቤቴ፣ ስህተት አለ!» አሏት።

እሷ መቼም ትዕግሥቷ የተለየ ነው። የሁለቱንም ክስ እስከ መጨረሻው ሰማች። ጋሼ ዛሬውኑ ይታረም አለ። አባዬ ቀለሙን እኔ ልጄን አሳይቻት በአንድ ቀን ትቀባዋለች አለ፤ «በአንድ ቀን» ሲል ጋሼ በጎን አየው።

«አንነካውም» አለች እመት ዝምታ በሹክሹክታዋ። «ስህተቱም የታሪኩ አካል ነው። ካርታውን የነደፈው ሰው ምናልባት እናንተ ዘንድ ደርሶ አያውቅም፤ ከመንገደኛ የሰማውን ይሆናል የሣለው። ቀለሙን የቀቡት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ እነሱም አገሩን አላዩትም።»

«ሳይመጣ?» ጋሼ ተቆጣ። «እግሩን ሳያነሳ፣ ውሃውን ሳይቀምስ፣ በሰው ደጃፍ ድንበር ያሰምራል? ይኼ ሰው ነው?»

 አባዬ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና በጣቶቹ አንከባለለው።

«እኛ እዚያው ተወልደን፣ እዚያው አድገን፣ አላወቅንበትም» አለ። «እሱ ምን ያድርግ?»

እታለም፣ እዚህ ጋ ብታለቅሺ አልፈርድብሽም። ጋሼ ወንድሙን አየው። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ፣ ለካ ሳቁ እየመጣ ነበር። ሳቁን ታውቂዋለሽ፤ እንደ አሮጌ ሞተር መጀመሪያ ያንገራግራል፣ ያስላል፣ ከዚያ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። አባዬም ተከተለው። አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እንግዶቹም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ። እመት ዝምታ ጣቷን ወደ ከንፈሯ አንስታ፣ መሐል መንገድ ላይ ሐሳቧን ለውጣ አወረደችው።

ከዚያ ወጥተን ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። እኔ በመካከላቸው ልቀመጥ ስል ጋሼ «ወዲያ ጠጋ በይ» አለኝ። በጫፍ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ! ዳቦ ገዝተን እየቆረስን በላን።  ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ አራገፈ።

«ጣውላው የእህታችን መሆኑን አላውቅም ነበር» አለ። «ያወቅኩት ከወጣሁበት በኋላ ነው። ከዚያ ደግሞ አንተ ዕውር ስትለኝ...»

«ዕውር ማለት አልነበረብኝም።»

«ዕውርስ ነበርኩ። ዓይኔን የጀመረኝ ያኔ ነው። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።»

አባዬ ዳቦውን አስቀመጠ። «ለኔ እንኳ?»

«ለአንተ በተለይ።»

ከዚያ ስለ አንቺ ተነሳ። ጋሼ አቀርቅሮ «ያቺን ልጅ እኮ ሆቴል አሳደርናት» አለ። «ትመጣለች በተባለ ቁጥር ምናልባት እኔ ጋ ማደር ካሰኛት ብዬ አልጋ አስነጥፍ ነበር። አንድም ቀን አልመጣችም።»

አባዬ ቀና ብሎ አየው። «እኔም አስነጥፍ ነበር።»

አየሽ? አንቺ ከተማ ሆቴል ውስጥ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሽ ስትተኚ፣ እዚህ ሁለት የተነጠፈ አልጋ ባዶውን ያድር ነበር። እኔ እንኳ፣ የሁለቱንም ቃል ሳመላልስ የኖርኩት፣ አላውቅም ነበር። ይህንን ማንም አልላከኝማ!

በአንድ አውቶብስ ተሳፍረን ገባን። ጋሼ መንገዱን ሁሉ ሹፌሩን ሲተች፣ አባዬ ሹፌሩን ሲደግፍ ደረስን። እማዬ በር ላይ ቆማ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ ስታይ የያዘችው ሰሃን ሊያመልጣት ነበር። አባዬ ገና ሳይቀመጥ አቤቱታውን ጀመረ፤ ማዶዎች ውስጥ ከተቱን፣ ቢጫ አደረጉን፣ እንዲህ ያለ ውርደት!

እማዬ ሰሃኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለች።

ሁለቱም ተያዩ። ለካ እሷ የማዶ ልጅ መሆኗን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ያስታወሰ አልነበረም።

«ካርታው ልክ ነው» አለች እማዬ። «ይኸው በመጨረሻ የኔ ሆናችሁ። አሁን እጃችሁን ታጠቡና ቅረቡ። ጣታችሁን ግን ቁጠሩ።»

በማግስቱ አጥሩ ፈረሰ። በሰላም ፈረሰ እንዳልልሽ፤ ምስማሩ ይነቀል ወይስ ይቆረጥ በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራክረዋል። እኔ ደንግጬ ልገላግል ስነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ተያቸው፤ ይኼ ጥል አይደለም፣ ጨዋታ ነው። ያመለጣቸውን እያካካሱ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ድምፃቸው ከበፊቱ ይልቅ ይጮኻል፤ ግን የሚጮኹት ተያይተው ነው።

ቆርቆሮው ሲነሳ በመካከል ያ ጠባብ መሬት ራቁቱን ታየ። አረምና የዛገ ምስማር ብቻ። ሁለቱ ቆመው አዩት፤ ለዚህ ነው እንዴ በሚል ዓይን። ጣውላ የሚከምር የለም፣ መኪና የሚያስገባ የለም። የማን ይሁን ብሎ የጠየቀም የለም።

«ክፍል ይወጣዋል» አለ አባዬ በእግሩ እየለካ።

«ለማን?» አለ ጋሼ። ከዚያ ራሱ መለሰው። «ለእሷ!»

ለአንቺ ነው፣ እታለም። ከሁለቱም ግቢ እኩል የተወሰደ፣ የማንም ያልሆነ፣ የአንቺ የሆነ ክፍል። ጋሼ ከድሮ ጓደኛው መኪና ተውሶ አሸዋና ድንጋይ አመላልሷል፤ አሁን ወደ ኋላ ሲነዳ አባዬ ከኋላው ቆሞ «ና! ና! ና! በቃ!» ይለዋል። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ተመትቷል፣ መስኮቱ ወደ ኮረብታው ያያል። ቁም ሳጥንሽም ተጀምሯል። አባዬ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይደርሳል ብሏል፤ የትኛው እንደሆነ እንጃ።

አንድ ችግር ብቻ ተፈጥሮ ነበር። በሩ ወደየትኛው ግቢ ይከፈት? አባዬ ወደኔ ግቢ ነው፣ ለመታጠቢያው ቅርብ ነው አለ። ጋሼ ወደኔ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በኔ በኩል ነው አለ። ነገሩ ሊጋጋል ሲል እማዬ ወጥታ «በሁለታችሁም በኩል በር አውጡላት!» ብላቸው ገባች። አወጡልሽ። ክፍልሽ እንደ እጅ መዳፍ ትንሽ ናት፤ ግን ሁለት በር አላት፣ አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ።

ስለዚህ ነይ። ባልሽንም ይዘሽ ነይ፤ ሻንጣችሁንም እንደ ሰው ግቢ ውስጥ አውርዱት። ሁለቱም ጣቢያ ድረስ መጥተው ይቀበሉሻል፤ ጋሼ በጣም ቀድሞ፣ አባዬ በጣም ዘግይቶ፣ እኔም በመካከል በሰዓቱ። ከወዲሁ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ከአሁኑ እየጠየቁኝ ነው፣ በመጀመሪያው ጠዋት በየትኛው በር ትወጣለች እያሉ፤ ሁለቱም ቁርስ ሊያቀርቡልሽ ተዘጋጅተዋል። እኔ ከእንግዲህ መልእክት አላመላልስም ብዬ ምያለሁ። አንቺም ብትሆኚ እስክትወጪ ድረስ በየትኛው በር እንደሆነ ለማንም እንዳትነግሪ።

በናፍቆት የምትጠብቅሽ፣
የሁለቱም ቤት ልጅሽ